ዘውዱን ማን ሰጠህ?

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በተጓዝኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከነክነኛል። ለመሆኑ ‹‹ገዢ ነኝ›› የሚል ሰው ሥልጣኑን የሚቀበለው ከማን ነው?

ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሰገነት ወጥቶ ቪክቶር አማኑኤልን ‹‹የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት›› ብሎ አወጀ። አይ ድፍረት! በ1931 ዓ.ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ ሳይቀሩ ይህንን የቅሚያ ዘውድ አወቁለት። የጎጃም ገበሬ ግን አላወቀለትም። ጣልያን ቡሬና ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ ይዞ እንጂ አገር ይዞ አልኖረም። የካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ቡሬን ጥሎ ወጣ። ንጉሡ በዚሁ መንገድ ተመለሱ፤ የጥንቷ ወጀትም ከንጉሡ ‹‹ፍኖተ ሰላም›› የሚል ስም አገኘች።

ታዲያ ባለመብቱ ሲመለስ ነገሩ አለቀ እንዴ? አላለቀም። ‹‹ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ›› ሲል የኖረው ያው ገበሬ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብሩን አልከፍልም ብሎ ጠመንጃውን አነሳ። አውሮፕላን ተላከበት፤ በመጨረሻ ያፈገፈገው ግን መንግሥት ነው። ዘር ቆጥሮ የነገሠም ቢሆን ሕዝብ ካልተቀበለው መብቱ ይሟሟል ማለት ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ መጣ። ስሙን ‹‹ጊዜያዊ›› አለው። ‹‹ጊዜያዊው›› 13 ዓመት ቆየና ሕገ መንግሥት አጽድቄያለሁ አለን። ቀማኛ መጀመሪያ ወንበሩን ይይዛል፣ ማስረጃውን በኋላ ይጽፋል! ኢሕአዴግም በጠመንጃ ገብቶ በኮሮጆ ሊያጸድቀው ሞከረ። በ2007 ዓ.ም. ከአጋሮቹ ጋር 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ጠቅልሎ ወሰደ። ምን ዋጋ አለው? ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ የካቲት 2010 ዓ.ም.፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሕዝብ ቁጣ መካከል መልቀቂያ አስገቡ። መቶ በመቶ የተመረጠ መንግሥት በመንገድ ላይ ጎማ ይፈራል?

እንግዲህ ቤተ መንግሥት ላለውም፣ ጫካ ላለውም፣ ነገ ለሚመጣውም የምለው አንድ ነው። አንድን ገዢ ሲገባ ብቻ ሳይሆን ሲወጣም እዩት። በሕዝብ ፈቃድ የገባ፣ ሕዝብ ‹‹በቃህ›› ሲለው በሩን ያውቀዋል። በጠመንጃ የገባ ግን የሚያውቀው በር የለውም፤ ሲወጣም ግድግዳ አፍርሶ ነው። ፍርስራሹን የሚጠርገው ደግሞ ያው የቡሬና የፍኖተ ሰላም ገበሬ ነው።

እስከ መቼ?