ማርሹ ሲለወጥ ስሱ ቀለበትም ይለካ

በጣና ሐይቅ ላይ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለዓሣ ማጥመድ ሥራ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከዚያ በፊት አጥማጁ የሚገለገለው ከደንገል በሚሠራው ታንኳ ስለነበር ሥራው በአብዛኛው በዳርቻው አካባቢ የተወሰነ ነበር። ወርዱ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው በዚህ ሐይቅ ላይ ሞተሩ ያስገኘው ጥቅም ከፍ ያለ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሞተሩን ተከትሎ መድረስ የነበረበት የጥገና ሙያ አሁንም ወደ ኋላ እንደ ቀረ ነው።

አጥማጁ መረቡን ማታ ዘርግቶ ጧት ያነሣል። ጧት ሞተሩ እምቢ ካለው ዓሣው መረብ ውስጥ እንዳለ ይበላሻል፤ ሐይቁ መካከል ከደረሰ በኋላ እምቢ ካለው ደግሞ የከሰዓቱን ነፋስ የሚጋፈጠው በመቅዘፊያ ብቻ ነው። ለዚህ ከሚዳርጉት ብልሽቶች መካከል ዛሬ ልናነሣው የወደድነው በሞተሩ ግርጌ፣ ውኃ ውስጥ በሚውለው ክፍል የሚደርሰውን የማርሽ መሰበር ነው።

ከላይ ከሞተሩ ቀጥ ብሎ የሚወርደው ዘንግ ጫፉ ላይ ትንሽ ማርሽ አለው። እርሱም በፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ ካሉት ሁለት ትልልቅ ማርሾች ጋር ይናከሳል፤ አንደኛው ለፊት፣ ሌላው ለኋላ መሄጃ ነው። ጥርሱ ሲረግፍ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው ግን አይንቀሳቀስም። ባለጀልባው በብዙ ገንዘብ አዲስ ማርሽ ገዝቶ ያስመጣል፤ መካኒኩም አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ከትቶ፣ ዳዶውን አጥብቆ በዚያው ቀን ይዘጋዋል። ጀልባው ይሄዳል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ብዙም ሳይቆይ ግርጌው ማፏጨት ይጀምራል፤ ውሎ አድሮም አዲሱ ጥርስ እንደ አሮጌው ይበላል። ያን ጊዜ የሚረገመው ማርሹን የሸጠው ነጋዴ ነው። ነጋዴው ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ከማርሾቹና ከኩሽኔቶቹ ጀርባ መካኒኮች ሺም የሚሉት ስስ የብረት ቀለበት ይገባል። ውፍረቱ በአሥረኛ ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው፤ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ማለት የአንድ ወረቀት ያህል ነው። ማርሹን ወደ ትክክለኛ ቦታው የሚያመጣው ይህ ቀለበት ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ዘይት በጥርሶቹ መካከል ሊገባ አይችልም፣ ይግላሉ፤ ከሰፋም እየተጋጩ ይሸራረፋሉ። ትንሹ ማርሽ ከልኩ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ደግሞ ጭነቱ ሁሉ በጥርሱ ጠርዝ ላይ ያርፋል።

አንድ ቤት ከሌላው ቤት በጥቂቱ ስለሚለያይ የአንዱ ሞተር ሺም ለሌላው አያገለግልም። በብዙ የያማሃ ሞተሮች ግርጌ ላይ ፒ፣ ኤፍ እና አር ከሚሉት የላቲን ፊደላት አጠገብ የተቀረጹ ቁጥሮች አሉ። ቤቱ ከመደበኛው ልክ በመቶኛ ሚሊ ሜትር ምን ያህል እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ ያመለክታሉ፤ ፒ ለትንሹ ማርሽ፣ ኤፍ ለፊት መሄጃው፣ አር ለኋላ መሄጃው ነው። የሞተሩን መጽሐፍ ያላየ ሰው ግን የፋብሪካ ተራ ቁጥር መስሎት ያልፈዋል። ሺሙ ራሱም ከኩሽኔቱ ጋር በዘይት ስለሚጣበቅ በጨርቅ ተጠርጎ የሚጣልበት ጊዜ አለ።

ማርሹን መጀመሪያ ምን ሰበረው ብሎ የሚጠይቅም መኖር አለበት። የተበጠሰ የመረብ ክር ከፕሮፔለሩ ጀርባ ተጠምጥሞ ፓራዮሊውን ሲቆርጠው ውኃ ይገባል፤ ዘይቱ ወተት ይመስላል፣ ኩሽኔቱም ይዝጋል። ከሞተሩ ጋር አብሮ የገባው መረብ ሞተሩን መልሶ የሚበላው በዚህ መንገድ ነው። በዛገ ኩሽኔት ላይ ሺም መለካት ደግሞ ከንቱ ድካም ነው። ፕሮፔለሩን ፈትቶ ክር መፈለግ የደቂቃዎች ሥራ ሲሆን፣ የግርጌውን ዘይት በየ100 ሰዓቱ መለወጥም ከማርሽ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

የትንሹን ማርሽ ከፍታና የጥርሶቹን ክፍተት የሚለኩት መሣሪያዎች አንድ አጥማጅ ብቻውን የሚገዛቸው አይደሉም፤ ቢገዛቸውም በዓመት አንድ ቀን ቢጠቀምባቸው ነው። ስለሆነም የአጥማጆች ማኅበራት በጋራ አንድ ሙሉ የመለኪያ ስብስብና በየውፍረቱ የተለየ ሺም ቢያስቀምጡ ወጪው የሚከብዳቸው አይመስለንም። በባሕር ዳር የቴክኒክ ትምህርት መሰጠት ከጀመረ 60 ዓመት አልፎታል። ከማኅበራቱ የተውጣጡ ጥቂት ወጣቶችን በዚህ ሥራ ላይ ማሠልጠን ከአቅም በላይ የሚሆንበት ምክንያት አይታየንም። እስከዚያው ድረስ ግርጌው በሚፈታበት ጊዜ ባለጀልባው አጠገቡ ይቁም፤ እያንዳንዱ ሺም ከወጣበት ቦታ ስም ጋር በሽቦ ይታሰር፣ ውፍረቱና በቤቱ ላይ ያሉት ቁጥሮችም በሞተሩ ደብተር ላይ ይጻፉ።