አዲስ አበባ ሄዶ የት ማደር ይሻላል?

ሰው ከተወለደበት ከተማ ተነሥቶ ወደማያውቀው ትልቅ ከተማ በሚሄድበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ነገር የሚበላው ወይም የሚጎበኘው ሳይሆን ሲመሽ የሚገባበት በር ነው። የሚበላ ነገር በየመንገዱ ይገኛል፤ ያላገኘም ሰው አንድ ቀን ጦሙን ሊያድር ይችላል። ማደሪያ ግን ለነገ የሚባል ነገር አይደለም። ይህን የምልበት ምክንያት፣ ከከተማችን ከደሴ በየዓመቱ ብዙ ሰው ለሕክምና፣ ለፓስፖርት፣ ለሥራ ፈተናና ለንግድ ወደ አዲስ አበባ ስለሚሄድ፣ ዘንድሮ ከሚሰናበቱት የክፍል ጓደኞቼም ብዙዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚያ ለመሄድ የተዘጋጁ ስለሆኑ ነው።

እንደሚታወቀው እኛ ተማሪዎች «አዲስ አበባ ልሄድ ነው» ባልን ጊዜ ከወላጆቻችን የምንሰማው ምክር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ዘመድ እያለ ገንዘብ አታባክን፤ እነ እገሌ ቤት እረፍ» የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ አባቶቻችን በወጣትነታቸው ያደሩበትን ሰፈር እየጠሩ «ፒያሳ ውረድና ዶሮ ማነቂያ ግባ፤ አልጋ እንደ ልብ ነው» ወይም «ካዛንቺስ ሂድ» የሚሉት ነው። ሁለቱም ምክሮች ከፍቅር የመነጩ መሆናቸውን አልክድም። በእኔ አስተያየት ግን ሁለተኛው ጊዜ ያለፈበት ነው፤ የመጀመሪያውም ቢሆን ብዙ ጊዜ እንደሚታሰበው ርካሽ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ አቅሙ ከፈቀደለት ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ተከራይቶ በራሱ ቁልፍ ቢያድር፣ ዘመዶቹንም በማግስቱ ታጥቦና ዐርፎ ሄዶ ቢጠይቅ ይሻላል እላለሁ።

በቅድሚያ ስለ ሁለተኛው ምክር ጥቂት ልናገር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ መንገደኛ ስታስተናግድ ኖራለች። እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴል፣ በ2007 ዓ.ም. የእሳት ቃጠሎ የደረሰበት ማለት ነው፣ ስሙ በታሪክ ይነሣል፤ ተራው መንገደኛ ግን የሚያድረው በየቡና ቤቱ ጓሮ በተደረደሩት ክፍሎችና ከጣሊያኖች በወረስነው ስም አልቤርጎ ይባሉ በነበሩት ቤቶች ነበር። አባቶቻችን የሚያውቁት ይህንን ነው። ይሁን እንጂ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዶሮ ማነቂያና በአካባቢው የነበሩት አሮጌ ቤቶች ለመልሶ ማልማት ፈረሱ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። እንግዲህ አንድ ልጅ የአባቱን ምክር ይዞ በምሽት እዚያ ቢደርስ የሚያገኘው ሰፊ መንገድና የመንገድ መብራት ነው፤ እነዚህም ለዐይን ያምራሉ እንጂ አያሳድሩም። የዋጋውም ነገር እንደዚሁ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዕቃው ሁሉ ዋጋ ስለተለዋወጠ፣ ከዚያ በፊት የሄደ ሰው የሚነግረን የአልጋ ዋጋ ለዛሬ ስንቅ አይሆንም።

ስለ ዘመድ ቤት ሲነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ዘመድን ማማት የእኔ ዓላማ አይደለም። ነገር ግን የአዲስ አበባ ኑሮ የደሴ ኑሮ አይደለም። እዚህ እንግዳ ሲመጣ ጓዳው አለ፣ ሳሎኑ አለ፣ ቢጠብም ጎረቤት አለ። እዚያ ግን ከዘመዶቻችን ብዙዎቹ የሚኖሩት በኮንዶሚኒየም ወይም በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ስቱዲዮ የሚባለው ቤት መኝታውም ሳሎኑም አንድ የሆነ ክፍል ስለሆነ አንድ እንግዳ ሲጨመር አንድ የቤቱ ሰው መሬት ይወርዳል። በዚያም ላይ እንደ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱና ቦሌ አራብሳ ያሉት ሰፈሮች በከተማዋ ዳር የተሠሩ በመሆናቸው፣ ጉዳዩ መሐል ከተማ የሆነ ሰው ገና ሳይነጋ ተነሥቶ የታክሲ ሰልፍ መያዝ አለበት።

በጥር ወር 2017 ዓ.ም. እናቴ የዐይን ሕክምና ቀጠሮ ስለነበራት እኔ አስታማሚ ሆኜ አብሬያት ሄጄ ነበር። ስድስት ሌሊት አደርን፤ ሦስቱን በኪራይ፣ ሦስቱን የካ አባዶ በሚኖሩ ዘመዶቻችን ቤት። ዘመዶቻችን የራሳቸውን አልጋ ለቀው አስተኙን፤ እግዜር ይስጥልን። ታላቁ ልጃቸው ግን በማግስቱ ፈተና ነበረበት፤ እናቴ እንድትተኛ ተብሎ መብራት ስለጠፋ ደብተሩን ይዞ ወጥቶ በሕንጻው ደረጃ ላይ ቆሞ ሲያጠና አየሁት። ልጁም ሆነ ወላጆቹ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ይህ ዓይነቱ ዋጋ በብር አይቈጠርም፤ ስለማይቈጠርም ነው «ዘመድ ቤት በነጻ ነው» የምንለው። የሚቈጠረውንም ቢሆን እኔ በደብተሬ ጽፌው ነበር። ለሁለታችን የታክሲ ደርሶ መልስ በቀን ከ150 ብር በላይ አወጣን፤ ባዶ እጅ አይገባምና አንድ ኪሎ ቡናና ማር ገዛን፤ አንድ ቀን ሐኪም ቤት አምሽተን የኮንትራት መኪና ይዘን ተመለስን። ሁሉ ተደምሮ ለሦስቱ ሌሊት ከከፈልነው የኪራይ አልጋ ጋር የነበረው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። እናቴ ሒሳቡን ሳሳያት «ይህን ለሰው እንዳታሳዪ» ብላኝ ነበር፤ በኋላ ግን ለሌላ ሰው ይጠቅማል ብዬ ለምኛት ፈቅዳልኛለች።

አሁን ስለ ኪራይ አልጋ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ አውቶቡሱ ሌሊት ከተነሣ ከሰዓት በኋላ መድረስ ይችል ነበር። ግን በእነዚህ ዓመታት በየኬላው ፍተሻ አለ፤ መኪናም ይበላሻል። ስለዚህ እኛ ላምበረት መናኸሪያ የደረስነው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነበር። ገና ሳንወርድ «አልጋ! አልጋ!» የሚል ደላላ የእናቴን ሻንጣ ሳትሰጠው ተቀበላት። ወደ ውስጥ በሚገባ ጠባብ መንገድ ወስዶ ከአንድ ቤት አደረሰን፤ ዋጋው 400 ብር ነበር። ክፍሉ ተከፈተ፤ አንሶላው ነጭ ነው፣ ግድግዳው ላይ ሥዕል ተሰቅሏል። እናቴ ግን አልጋውን ሳታይ በሩን አየች። ወደ ውስጥ ገብታ ዘጋችውና በእጇ ዳሰሰችው፤ ከውስጥ መቀርቀሪያ የለውም፤ ከውጭ ግን ጓጉንቸር የሚገባበት ማጠፊያ አለው። «ልጄ፣ ይህ በር የሚዘጋው ለነሱ ነው እንጂ ለኛ አይደለም» ብላ ሻንጣውን አነሣች። ደላላው ሳናድርም የድካሜን ክፈሉኝ ብሎ አስቸግሮን ነበር። ከዚያ ወደ ዋናው መንገድ ተመልሰን፣ መታወቂያችንን ተቀብሎ በመዝገብ የጻፈ አንድ ፔንሲዮን ውስጥ በ700 ብር አደርን። አንሶላው ከመጀመሪያው ቤት አይበልጥም። 300 ብሩ የመቀርቀሪያው ዋጋ ነበር ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ተወደደ አልልም።

ከዚህ የተነሣ በእኔ በኩል የማደሪያ ምርጫ የሚጀምረው ከዋጋው ሳይሆን ከሰዓቱ ነው። በኅዳር ወር በአዲስ አበባ ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ከጠለቀች በኋላ የደረሰ እንግዳ አማራጭ የለውም፣ ደላላውም ይህንን ያውቃል። አስቀድሞ ስልክ ደውሎ ክፍል የያዘ ሰው ግን ሻንጣውን አይቀሙትም፤ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃልና። መንገድ ላይ መሽቶበት ደብረ ብርሃን የደረሰ መንገደኛም ወርዶ እዚያው አድሮ፣ የቀረውን 130 ኪሎ ሜትር በማለዳ ቢሄድ ምንም አይቀርበትም። ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ብነግረው «የከፈልኩበት ቲኬትስ?» አለኝ። ቲኬቱ ይቅር።

ሰፈሩን በተመለከተ ደንቡ ቀላል ነው። ለጉዳይህ ቅርብ የሆነውን መምረጥ ነው። ሁሉም አውቶቡስ አንድ ቦታ አያወርድም፤ ከእኛ በኩል የሚሄደው ላምበረት፣ ከሐዋሳ በኩል የሚመጣው ቃሊቲ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ራሱ ጉዞ ነው። ስለዚህ መናኸሪያው አጠገብ ማደር የሚጠቅመው ለመጀመሪያውና ለመጨረሻው ሌሊት ብቻ ነው። ከምድር ቤቱ ቡና ቤት ያለበትን ሕንጻ የሚመርጥ ሰው ደግሞ ሙዚቃውን አብሮ ይከራያል። የውሃው ነገርም አይረሳ፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማ ጣሪያው ላይ ሮቶ የሌለው ቤት ሲያምር ምን ይሠራል? ብርድ ልብስ አንድ ተጨማሪ መጠየቅ፣ የፍራሹን ስፌት ገልጦ ትኋን መኖር አለመኖሩን ማየት አያሳፍርም። ስለ ቴሌቪዥኑና ስለ ዋይፋዩ አብዝተው የሚጨነቁ ጓደኞች አሉኝ፤ እነሱ ሌላ ይጻፉ።

በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት መታወቂያ መጠየቁ ነው። መታወቂያ ሲጠየቁ የሚቈጡ ሰዎች አሉ፤ ይህ ግን የክብር ምልክት ነው። የአንተን ስም የጻፈ ባለቤት የጎረቤትህንም ክፍል ስም ጽፏል። በሰዓት የሚያከራይ ቤት ግን የማንንም ስም አይፈልግም፤ ደጃፉ ላይ ጥቂት ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን ያየ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ይረዳዋል።

አሁን ደግሞ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ወዳስነሣኝ ነገር እመጣለሁ። እኔ ሴት ነኝ። ወንድሜ ለፓስፖርት አዲስ አበባ ሲሄድ አልጋ ተከራይቶ ቢያድር ማንም ምንም አላለውም። እኔ ግን በሚቀጥለው ዓመት ብቻዬን የምሄድ ብሆን «ሴት ልጅ አልጋ ቤት አታድርም» እንደምባል አስቀድሜ አውቃለሁ፤ ከክፍላችን ልጆች አንዷ በዚህ ምክንያት የሥራ ፈተና ሳትፈተን ቀርታለች። ዘመድ አልነበራትም፤ አልጋ መከራየትም አልተፈቀደላትም። የወላጆችን ሥጋት አከብራለሁ። ስለ አልጋ ቤት የሚሰማው ወሬ ሁሉ ሐሰት አይደለም፤ ከላይ የጻፍኩትም ቤት ለዚህ ምስክር ነው። ነገር ግን ወላጆቻችንን በትሕትና አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። የሩቅ ዘመድ ቤት፣ ሰው በሚገባበትና በሚወጣበት ሳሎን ውስጥ፣ በማታውቃቸው ወንዶች መካከል ፍራሽ ዘርግታ የምትተኛ ልጅና፣ መታወቂያ መዝግቦ በሚያስገባ ቤት ከውስጥ ቀርቅራ የምትተኛ ልጅ ከሁለቱ ማንኛዋ ይበልጥ ተጠብቃለች? ዘመድ ስለሆነ ብቻ ደኅና ነው የሚለውን አሳብ ሁላችንም በልባችን እንጠራጠረዋለን፤ በአፋችን ግን አንናገረውም። «አልጋ ቤት» የሚለው ስም ስለከበደን ለሴት ልጅ የሚያስፈልጋትን መቀርቀሪያ ከለከልናት።

ወላጅ የሚሠጋ ከሆነ የሚያደርገው ነገር አለ። ለባለቤቱ ራሱ ደውሎ ያነጋግር፤ ክፍሉ ከእንግዳ መቀበያው አጠገብ እንዲሆን ይጠይቅ፤ በእነዚህ ቀኖች በቴሌብር መክፈል ስለሚቻል ሒሳቡን ከደሴ ሆኖ ይክፈልላት፤ ጥሬ ገንዘብም አትሸከም። ከሁሉም የሚሻለው ሁለት ልጆች አብረው ቢሄዱ ነው። ብዙ ቤቶች ዋጋ የሚቈርጡት በክፍል ስለሆነ፣ አስቀድሞ ጠይቆ 700 ብሩን ለሁለት መካፈል ይቻላል። አቅሙ ጨርሶ የማይፈቅድለት ሰው ግን ወደ ዘመዱ ይሂድ፤ እኔ የምቃወመው ዘመድን ሳይሆን፣ ምርጫ እያለ በልማድ ብቻ ሰውን ማስጨነቅን ነው።

ለትምህርት ቤታችንም አንድ አሳብ አቀርባለሁ። በቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ አንድ ትልቅ ደብተር ቢቀመጥና ከአዲስ አበባ የተመለሰ ተማሪ፣ መምህር ወይም ወላጅ ሁሉ ያደረበትን ቤት ስም፣ ሰፈሩን፣ ስልኩን፣ የከፈለውን ዋጋና ያደረበትን ቀን ቢጽፍበት፣ ቀጥሎ የሚሄደው ሰው ከደላላ እጅ ይድናል። ቀኑ መጻፍ አለበት፤ ያለ ቀን የተጻፈ ዋጋ እንደ አባቶቻችን ካዛንቺስ ይሆናል። ሁለት ዓመት ያለፈው ገጽ በመስመር ይሰረዝ። ደብተሩን ለመግዛት ተዘጋጅቻለሁ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ከፈቀዱልኝም በሰኔ ወር ከመሰናበቴ በፊት ዓምዶቹን አስምሬ አስረክባቸዋለሁ። ከዓምዶቹም ውስጥ አንዱ «መቀርቀሪያው ከውስጥ ነው ወይስ ከውጭ?» የሚል ይሆናል፤ የመጀመሪያውንም መስመር እናቴ ትሞላዋለች።