ሰሊጥ ለሁሉም አይስማማም

የጅብ ጥላን ከሚበላው እንጉዳይ የሚለይ እረኛ እንኳ አንድ ነገር ያመልጠዋል፤ የሚበላው ራሱ የማይስማማው ሰው አለ። የመተማና የቋራ ኩራት የሆነው ሰሊጥም እንዲሁ ነው።

የሰሊጣችን ገዢዎች ይህን ካወቁ ቆይተዋል። የአውሮፓ ኅብረት ሰሊጥ የገባበት ምግብ ይህንኑ በማሸጊያው ላይ እንዲገልጽ ያስገድዳል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ሕግ ሰሊጥን 9ኛው ዋና የአለርጂ ምግብ አድርጋ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሕጉን በሥራ ላይ አውላለች።

እኛ ዘንድስ? የሰሊጥ ፍትፍት የጾም ማዕድ ጌጥ ነው። እንግዳ «ይቅርብኝ» ቢል «በሞቴ» ተብሎ ጉርሻ ይከተለዋል። አለርጂ ያለበትን ሰው ግን ያ ጉርሻ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳውን ሽፍ አድርጎ፣ ከንፈሩን አሳብጦ፣ ትንፋሹን ሊያሳጥረው ይችላል። ሰሊጡ ስለተበከለ አይደለም፤ የሰውነት መከላከያ የሰሊጡን ፕሮቲን እንደ ጠላት ስለሚቆጥረው ነው። ዘይቱስ ምን ያደርጋል የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ሳይጣራ የተጨመቀ የሰሊጥ ዘይት ፕሮቲኑን ይዞ ይቀራል።

በአጨዳ ወቅት ብዙ የቀን ሠራተኛ ከደጋ ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ ይወርዳል፤ ከእነርሱ አንዱ አለርጂው ቢነሳበት ደግሞ ከእርሻው እስከ ጤና ጣቢያ ያለው መንገድ ረጅም ነው። እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ቀድሞ የሚያተርፈው ጭን ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። ለእርሻዎቹ ቅርብ የሆኑ ጤና ጣቢያዎች መድኃኒቱን ከአጨዳው በፊት ያዘጋጁ። ምግብ አምራቾችም «ሰሊጥ አለበት» ብለው በአማርኛ ይጻፉ። እርስዎም እንግዳዎ «ሰሊጥ አይስማማኝም» ካለ፣ እባክዎ «በሞቴ» አይበሉት።