ጐንበስ ማለትና መፍራት አንድ አይደሉም



በዘመናችን አንድ ስሕተት እንደ መልካም ምግባር ተቈጥሮ ይኖራል፤ ይኸውም ትሕትናን ከዝምታ ጋራ፣ ድፍረትንም ከትዕቢት ጋራ አንድ ማድረግ ነው። የዕድር ዳኛ የባለጠጋውን በደል አይቶ ዝም ቢል «ትሑት ሰው ነው» ይባላል፤ የሰበካ ጉባኤ አባል ግን «የሒሳቡን መዝገብ እንይ» ቢል «ዐይን አውጣ» ተብሎ ይነቀፋል። እኛ ግን ይህ ከቅዱሳት መጻሕፍት የተገኘ ትምህርት አይደለም ብለን እንከራከራለን።

ምስክራችን ነህምያ ነው። ብዙ ሰው ነህምያን የሚያውቀው የኢየሩሳሌምን ቅጥር በ52 ቀን በመፈጸሙ ነው። በዚያ ሥራ ሊቀ ካህናቱ ኤልያሴብ ከካህናት ወንድሞቹ ጋራ ተነሥቶ የበጎችን በር ሠራ፤ የቴቁሐ ታላላቆች ግን ትከሻቸውን ለሥራው ነፈጉ፤ ተራው የቴቁሐ ሰው ሁለት ክፍል አደሰ። ነገር ግን የነህምያ ትልቁ ሥራ በድንጋይ የተሠራው አይደለም።

በመጽሐፉ ምዕራፍ 5 እንደ ተጻፈው፣ በራብ ዘመን ድኾች እርሻቸውንና ወይናቸውን አስይዘው፣ ለንጉሥ ግብር ተበድረው፣ በመጨረሻም ልጆቻቸውን ለባርነት እስከ መስጠት ደርሰው ነበር። አበዳሪዎቹም ባዕዳን አልነበሩም፤ የገዛ ወገኖቻቸው መኳንንትና ሹማምንት ነበሩ። ጠላት በውጭ ቆሞ ሳለ መኳንንቱን ማስቀየም ብልኅነት አይመስልም። ነህምያ ግን «ቅጥሩ እስኪያልቅ እንታገሥ» አላለም፤ በልቡ ከመከረ በኋላ በታላቅ ጉባኤ ፊት ገሠጻቸው። ደግሞም ራሱንና ወንድሞቹን ከአበዳሪዎቹ ቍጥር አላወጣም፤ አራጣው ይቅር ሲል ራሱን ጨምሮ ተናገረ። እሺ ባሉትም ጊዜ በቃላቸው ብቻ አላመነም፤ ካህናትን ጠርቶ አስማላቸው። ከእርሱ በፊት የነበሩት ገዦች ከሕዝቡ እንጀራና ወይን 40 ሰቅልም ብር ሲወስዱ፣ እርሱ 12 ዓመት ሙሉ ለገዢ የሚሰጠውን ቀለብ ተወ። የሚገሥጽ አፍ ከሕዝቡ ያልበላ ሲሆን ተግሣጹ ይሰማል።

«አለቃ ራሱን ዝቅ ካደረገ ይናቃል» የሚሉ አሉ። ለእነዚህ መልሱ የጸሎተ ሐሙስ ሥርዐት ነው። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ጌትነቱን አልካደም፤ እግር ያጠበውም እጅ በቤተ መቅደስ የለዋጮችን ገበታ የገለበጠው ያው እጅ ነው። ካህናቶቻችንም በየዓመቱ በወይንና በወይራ ቅጠል የምእመናንን እግር ያጥባሉ፤ እጅግ መልካም ነው። ነገር ግን ሐሙስ እግሩን ያጠብነው ድኻ ከበዓሉ በኋላ ቤቱን በአራጣ ሲቀማ አይተን ዝም ካልን፣ ያጠብነው ምኑን ነው?

ስለ ድፍረትም ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡም ለወራሪው እንዲገዛ እንዲመክሩ በተጠየቁ ጊዜ እንቢ ብለው፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። ማዕርጋቸውን መሸሸጊያ አላደረጉትም፤ በመንጋቸው ፊት ለመቆም ግዴታ አደረጉት እንጂ። ዛሬ ከእኛ የሚፈለገው ሞት አይደለም፤ በጉባኤ መካከል አንድ የእውነት ቃል ተናግሮ፣ ምናልባት ወንበርን ማጣት ነው። ይህን ያህል ትንሽ ዋጋ ለመክፈል የሚፈራ ሰው ፍርሀቱን ትሕትና ብሎ አይጥራው።

እንግዲህ ሹመት ለሚመኝ ወንድማችን ሁለት ጥያቄ እናቀርባለን። ስለ ድኻው ብለህ ማንን አስቀይመሃል? ከወንበሩስ ከሚገኘው ጥቅም ምን ትተሃል? ለሁለቱ መልስ የሌለው ወንበሩን መልስ ላለው ይልቀቅ። እኛም ይህን የምንጽፍ ከጥያቄው ውጭ አይደለንም፤ ነህምያ ራሱን ከጥፋተኞቹ ቍጥር ካላወጣ፣ እኛ ራሳችንን እንዴት እናወጣለን?