በቤሲ ስሚዝ ስም የሚሰበሰበው መዋጮ

የብሉዝ ዘፋኟ ቤሲ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1937 በመኪና አደጋ ሞታ የተቀበረችው እዚሁ ፊላደልፊያ አጠገብ ነው። መቃብሯ 33 ዓመት ሙሉ ሐውልት አልነበረውም። በ1970 ገንዘብ አውጥተው ያሠሩላት ዘፋኟ ጃኒስ ጆፕሊንና በልጅነቷ ቤሲ ቤት ትሠራ የነበረችው ጁዋኒታ ግሪን ናቸው።

በስሟ ለሠፈራችን ልጆች የሙዚቃ ትምህርት እንክፈል ብንል፣ «ዘፈን ደግሞ ምን ትምህርት ያሻዋል?» ያሉን አሉ። ቤሲ በልጅነቷ ወላጆቿ ሞተውባት፣ በቻታኑጋ መንገድ ላይ ወንድሟ ጊታር እየመታላት ለሳንቲም ዘፍናለች። እሰየው፣ ተሳካላት! ልጆቻችንን ግን ለዕድል አንተዋቸውም። አስተማሪ የሚያስከፍለው በሰዓት ነው፤ እያማረው የቀረ ልጅ በየቤቱ አለ። መዋጮውን ለገንዘብ ያዣችን ስጡ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ።