ከመኪናው ጋር ስለሚመጣው ሲዲ



ከውጭ አገር የመጣ መኪና ሳጥኑ ሲከፈት፥ በቀጭን ከረጢት ውስጥ የሚገኘውን ብልጭልጭ ሲዲ ከቁም ነገር የሚቈጥረው ሰው ጥቂት ነው። አንዱ ለልጆች መጫወቻ ይሰጠዋል፤ ሌላው ከማሸጊያው ካርቶን ጋር ይጥለዋል። እኔ ደብዳቤና ደረሰኝ በማኅደር የማስቀምጥ ጸሐፊ ነኝና፥ ይህ ቸልታ የሚያስከትለውን ጉዳት ስላየሁ ጥቂት ሐሳብ ለማቅረብ ወደድሁ።

ፋብሪካዎች መመሪያቸውን በሲዲ ሮም ማውጣት የወደዱበት ምክንያት ግልጽ ነው። ወርዱ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ሲዲ 650 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ይኸውም በወረቀት ቢታተም መደርደሪያ የሚሞላ ጽሑፍ ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1985 ዓ.ም. የግሮልየር ኢንሳይክሎፒዲያ በዚሁ መንገድ ወጣ፤ በ1988 ዓ.ም. ደግሞ አይሶ 9660 የተባለው ደንብ ሲጸድቅ፥ አንዱ ሲዲ በልዩ ልዩ ኩባንያዎች ኮምፒዩተር ሊነበብ ቻለ። የማሳተሚያና የማጓጓዣ ወጪ ቀነሰ፤ ሥዕል፥ ድምፅና ፊልምም ታከለበት።

ካቻምና ግን ከአሠሪዬ የዘይት መጭመቂያ የገዙ አንድ የገጠር ደንበኛ፥ በሰሊጥ ወቅት ኩሽኔታው ተሰብሮባቸው መጡ። የኩሽኔታው ቍጥር ተፍቆ ጠፍቷል። ሲዲውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘውት ነበር፤ እኛ ዘንድ ግን ሲዲ ማንበቢያ ያለው ኮምፒዩተር አልነበረም። በሦስተኛው ቀን አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አሮጌ ኮምፒዩተር ተገኘ። የመለዋወጫው ዝርዝር በፒዲኤፍ የተሠራ ስለ ነበር ተከፈተ፤ የአፈታቱን ሥራ የሚያሳየው ፊልም ግን በፍላሽ የተሠራ ነበርና አልከፈት አለ። አዶቤ ፍላሽን ለመደገፍ ያቆመው በ2020 ዓ.ም. መጨረሻ (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ነው። መኪናው አሥራ አንድ ቀን ቆመ።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ቢቢሲ በ1986 ዓ.ም. የእንግሊዝን የሕዝብ ኑሮ የሚገልጽ ብዙ ጽሑፍና ሥዕል፥ የሲዲ የሥጋ ዘመድ በሆነው በሌዘር ዲስክ አወጣ። አሥራ አምስት ዓመት ያህል ሲያልፍ ማንበቢያው ብርቅ ሆነና ባለሙያዎች ሥራውን ከመጥፋት ለማዳን ደከሙ። ለመታሰቢያው የተሠራለት፥ በ1086 ዓ.ም. የተጻፈው የዱምስዴይ መዝገብ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል፤ ብራና ነዋ!

«ሁሉም በኢንተርኔት ይገኛል» የሚሉ አሉ። ፋብሪካው ያንን ዓይነት መኪና መሥራት ሲተው ገጹም ሊነሣ፥ ጽሑፉም ሊለወጥ ይችላል። በፋብሪካ የታተመ ሲዲ ግን ሊፋቅ ወይም ሊታረም አይችልም፤ ስለዚህ ሻጩ ስለ ዕቃው ምን ብሎ እንደ ነበር ክርክር ቢነሣ ጥሩ ምስክር ነው። እኔም ሲዲውን ከፋክቱሩ ጋር በአንድ ማኅደር አኖረዋለሁ።

አስመጪዎች ፕሮፎርማ ሲጠይቁ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ የመለዋወጫው ዝርዝር በወረቀት ታትሞ፥ መመሪያውም በፒዲኤፍ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ይላክ። ሳጥኑ በተከፈተ ዕለትም ሲዲው ይገልበጥ፤ በዩኤስቢ ገመድ የሚሰካ ማንበቢያ ለዚህ ይበቃል። የኅትመቱን ወጪ ማን ይቻል ለሚለው፥ በእኔ አስተያየት ፋብሪካው ነው፤ እምቢ ቢል አስመጪው ይክፈል እንጂ፥ በመኸር ሰዓት መኪናው በቆመበት ገዢ ላይ አይጣል።