ፕሮፌሰሯና የሠልጣኞች አበል

ፕሮፌሰር ናና ጄን ኦፖኩ አግየማንግ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 አክራ ላይ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ጋና የመጀመሪያዋን ሴት ምክትል ፕሬዚዳንት አገኘች። ዜናው ያተኮረው በሴትነታቸው ላይ ነበር፤ ይገባልም። እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን እዚያ ያደረሳቸው መንገድ ነው።

የሥነ ጽሑፍ ምሁር ናቸው። ካናዳ በሚገኘው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ይዘው እ.ኤ.አ. በ1986 በትውልድ ከተማቸው በኬፕ ኮስት ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። በባሪያ ንግድ ዘመን ሰዎች በሰንሰለት ታስረው መርከብ ይጠብቁበት የነበረው ግንብ እዚያች ከተማ ባሕር ዳር ዛሬም ቆሟል። ባርነት ከምርምራቸው ዋና ጉዳዮች አንዱ መሆኑ አይገርምም። በ2008 ዩኒቨርሲቲውን እንዲመሩ ሲሾሙ፣ በጋና የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ለፖለቲካ ከዶክትሬቱ ይልቅ ያዘጋጃቸው ይህ ወንበር ይመስለኛል። በጀት ሲጎድልም ተማሪ ሲቆጣም ጣጣው የሚያርፈው እዚያ ቢሮ ነው።

ከባዱ ፈተና የመጣው ከ2013 ጀምሮ የትምህርት ሚኒስትር ሳሉ ነው። መንግሥት ለመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሠልጣኞች ይከፍለው የነበረውን አበል አስቀርቶ በብድር ተካው። አበሉ ከቅበላ ኮታ ጋር የተሳሰረ ስለነበር፣ ሲነሳ ኮሌጆቹ ብዙ ተማሪ ይቀበላሉ ተባለ። ስሌቱ ያስኬዳል። ለድሃ ቤተሰብ ልጅ ግን የቀረበት እጁ ላይ ይገባ የነበረ ገንዘብ ነው፤ በምትኩ የተሰጠው ዕዳ ነው። እኔ እዚህ ላይ ከሠልጣኞቹ ጎን ነኝ። ምሁር ማስረጃው ከጠነከረ ሰው ይቀበለኛል ብሎ ማሰብ ይቀናዋል። የኪስ ነገር ሲሆን ግን ሰው አስቀድሞ መጠየቅ፣ መደመጥ ይፈልጋል። ተቃዋሚው ፓርቲ አበሉን እመልሳለሁ ብሎ በ2016 አሸነፈ፤ መለሰውም።

በ2020 የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጆን ማሃማ እጩ ምክትላቸው ሲያደርጓቸው ይኸው ጉዳይ ተነሳባቸው። ተሸነፉ፤ በ2024 አብረው ተመልሰው አሸነፉ። በጋና ምክትሉ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ከምርጫው በፊት ለሕዝብ መቅረቡን እወደዋለሁ፤ መራጩ ማንን እንደሚቀበል ያውቃል። ወንበሩም የማዕረግ ብቻ አይደለም። በ2012 ፕሬዚዳንት ጆን አታ ሚልስ ሲያርፉ፣ ምክትላቸው ማሃማ በዚያው ቀን ቃለ መሐላ ፈጽመው አገሪቱን ተረክበዋል። አታ ሚልስም የሕግ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ የፕሬዚዳንት ጄሪ ሮውሊንግስ ምክትል ሆነው ከሠሩ በኋላ ሁለት ጊዜ ተሸንፈው በሦስተኛው ነው ፕሬዚዳንት የሆኑት።

ከእንግዲህ መንግሥታቸው የተማሪ ኪስ የሚነካ ውሳኔ ሲያስብ፣ አስቀድሞ ኮሌጆቹ ድረስ ወርዶ እንዲያስረዳና እንዲሰማ ካቢኔ ውስጥ አጥብቆ መሟገት ከፕሮፌሰሯ ይጠበቃል። እዚያ ከሚቀመጡት ሁሉ በዚህ ጉዳይ ዋጋ የከፈሉት እሳቸው ናቸው።